ጃዝን ለታዳጊዎች ማስተማር፦ በአንድ ሙዚቃ፣ በአምስት ክፍለ ጊዜ

“ጃዝ ስከፍትላቸው ያዛጋሉ፤ ከየት ልጀምር?” ይህን ጥያቄ የሙዚቃ ክበብ የሚመሩ መምህራን፣ ወላጆች፣ በውጭ አገር ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆች ሰብስበው የሚያስተምሩ ወገኖች ደጋግመው ይጠይቁኛል። ተከትሎ የሚመጣውም ሁልጊዜ አንድ ነው፤ “አንዱ ልጅ በማየት፣ አንዱ በመስማት፣ ሌላው በእንቅስቃሴ ነው የሚማረው ይባላል፤ እንዴት ከፋፍዬ ላስተምራቸው?”

አይከፋፍሏቸው። እ.ኤ.አ. በ2008 አራት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እስከዚያ ጊዜ የተሠሩትን ጥናቶች መርምረው ነበር። ልጅን “የዓይን ተማሪ” ወይም “የጆሮ ተማሪ” ብሎ መድቦ እንደ ምድቡ ማስተማር ውጤት እንደሚያሻሽል የሚያሳይ በቂ ማስረጃ አላገኙም። የሚሠራው ሌላ ነው፦ አንዱን ሙዚቃ ይዞ ሁሉንም ልጅ በሁሉም መንገድ ማሳለፍ። መጀመሪያ በአፍ፣ ከዚያ በእግር፣ በእጅ፣ በወረቀት፣ በመጨረሻም በንግግር። እግሩ ያገኘውን ጆሮው ያውቀዋል፤ ዓይኑ ያየውን እጁ ይሞክረዋል።

ከዚህ በታች ያለው አሠራር ዕድሜያቸው ከ13 እስከ 18 ዓመት ለሆነ፣ በቁጥር ከ15 እስከ 25 ለሚሆኑ ልጆች ነው። አምስት ክፍለ ጊዜ፣ እያንዳንዱ 50 ደቂቃ።

የምንሠራበት ሙዚቃ

“ሶ ዋት” ይባላል። አሜሪካዊው የጃዝ ትራምፔት ተጫዋች ማይልስ ዴቪስ ከጓደኞቹ ጋር ኒው ዮርክ ውስጥ በመጋቢት 1959 እ.ኤ.አ. የቀረጸው፣ “ካይንድ ኦፍ ብሉ” የተሰኘው አልበም መክፈቻ ነው። የመረጥሁት ስለ ዝናው አይደለም። ዋናውን ዜማ የሚጫወተው ቤዙ፣ ወፍራም ድምፅ ያለው ባለ ክር መሣሪያ፣ ነው፤ ሌሎቹ መልስ ይሰጣሉ፤ ስለዚህ የጥያቄና መልስ ጨዋታው ለማንም ጆሮ ግልጽ ነው። ፍጥነቱ ለእግር ይመቻል። ሶሎ፣ ማለትም ተራ በተራ ብቻቸውን ጎልተው፣ የሚጫወቱት ሙዚቀኞችም ጠባያቸው እጅግ ይለያያል፤ ምንም ሙዚቃ ያልተማረ ልጅ እንኳ ልዩነታቸውን ይሰማል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ወፍራም ድምፅ በደንብ የሚያወጣ ድምፅ ማጉያ። የስልክ ድምፅ ማጉያ የቤዝ ድምፅ አያወጣም፤ በዚህ ሙዚቃ ደግሞ ቤዙ ከጠፋ ዜማው ራሱ ጠፋ ማለት ነው። ከዚህ ዝርዝር ውስጥ በሌላ ሊተካ የማይችለው ይህ ብቻ ነው።
- አስቀድሞ የወረደ የሙዚቃው ቅጂ። ኔትወርክ ላይ አይተማመኑ። ማጉያው በባትሪ የሚሠራ ቢሆን ይመረጣል።
- ጠመኔ ወይም ወለል ላይ የሚለጠፍ ፕላስተር
- ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ወረቀትና አራት ዓይነት ቀለም እርሳስ
- ያረጁ ጋዜጦች
- አንድ ኪቦርድ፣ ወይም ክራር፣ ወይም ሁለቱም

ከመጀመርዎ በፊት

ሙዚቃውን ብቻዎን ቢያንስ አምስት ጊዜ ይስሙት፤ የሚከተለውንም ሰዓት በእጅዎ ይያዙ። ሰከንዱ ከቅጂ ቅጂ በጥቂቱ ሊለያይ ይችላል።

- ከ0 እስከ 34 ሰከንድ ገደማ፦ ፒያኖና ቤዝ፣ ያለ ቋሚ ምት
- ከ34 ሰከንድ፦ ዋናው ዜማ
- 1 ደቂቃ ተኩል ላይ፦ የማይልስ ዴቪስ ትራምፔት፣ ሁለት ዙር
- 3 ደቂቃ ከ25 ሰከንድ አካባቢ፦ የጆን ኮልትሬን ቴነር ሳክስፎን፣ ሁለት ዙር
- 5 ደቂቃ ከሩብ አካባቢ፦ የካነንቦል አደርሊ አልቶ ሳክስፎን፣ ሁለት ዙር
- ከ7 ደቂቃ ጥቂት አለፍ ሲል፦ የቢል ኢቫንስ ፒያኖ፣ አንድ ዙር
- ወደ መጨረሻው፦ ዋናው ዜማ ተመልሶ እየራቀ ይጠፋል

ቤዙ የፖል ቼምበርስ ነው፤ ድራሙ የጂሚ ኮብ። ስሞቹን ሰሌዳ ላይ ይጻፉ። ልጆች “ሁለተኛው ሳክስፎን” ከማለት “አደርሊ” ማለት ሲጀምሩ፣ የሚሰሙት ሰውን እንጂ ድምፅን ብቻ አይሆንም።

አንድ ዙር ማለት 32 ባር ነው፤ አንዱ ባር አራት ምት አለው። 32ቱ ባር በስምንት በስምንት ይከፈላል፦ ሀ፣ ሀ፣ ለ፣ ሀ። “ለ” ላይ ያው ዜማ በግማሽ ድምፅ ከፍ ይላል፤ ከዚያ ወደ ቦታው ይመለሳል። ሙዚቃው ሁሉ ይኸው ዙር እየተደጋገመ ነው፤ ሶሎ የሚጫወተውም በዚህ ልክ ውስጥ ነው።

ደረጃ 1፦ የእነሱን ሙዚቃ ያስቀድሙ (ክፍለ ጊዜ 1፣ 20 ደቂቃ)

እያንዳንዱ ልጅ የሚወደውን አንድ ዘፈን ይዞ እንዲመጣ ከሳምንት በፊት ይንገሩ። ከአምስት ወይም ከስድስቱ ላይ ሠላሳ ሠላሳ ሰከንድ ያሰሙና ሁለት ነገር ብቻ ይጠይቁ፦ እግራችሁ ምቱን የት ያገኘዋል? እየጠየቀ ያለው ማን ነው፣ የሚመልሰውስ?

ይህ የሚደረገው ልጆቹ የማዳመጫ ጥያቄዎቹን በሚያውቁት ነገር ላይ እንዲለምዱ ነው። በማያውቁት ሙዚቃ ላይ አዲስ ጥያቄ ሲጨመር ሁለት ሸክም ይሆንባቸዋል።

*ማስጠንቀቂያ፦* ያመጡትን ዘፈን አይንቀፉ፣ ፊትዎንም አያጥቁሩ። በዚያች ቅጽበት የተዘጋ ልጅ በአምስት ክፍለ ጊዜ አይከፈትም።

ደረጃ 2፦ ከመስማት በፊት መዝፈን (ክፍለ ጊዜ 1፣ 30 ደቂቃ)

ቅጂውን ገና አይክፈቱ። የቤዙን ጥያቄ እርስዎ በአፍዎ ያንጎራጉሩ። መልሱ ሁለት ድምፅ ብቻ ነው፤ የመጀመሪያው ረዘም፣ ሁለተኛው ቁርጥ ያለ። ርዕሱ በአማርኛ “ታዲያ?” እንደ ማለት ስለሆነ ልጆቹ መልሱን በዚሁ ቃል ይዝፈኑት፦ “ታ…ዲያ!” “ታ”ን ይጎትቱ፣ “ዲያ”ን ይቁረጡ።

ይህ ለልጆቻችን አዲስ አይደለም፤ አውጪና ተቀባይ ነው። በሠርግም በሆያ ሆዬም ያውቁታል። አምስት ስድስት ጊዜ ከተቀባበላችሁ በኋላ አውጪነቱን ለልጆች ይስጡ።

አሁን ቅጂውን ከ34ኛው ሰከንድ ይክፈቱ፤ አንድ ደቂቃ ብቻ። በመጀመሪያዎቹ ስምንት ባሮች ፒያኖው ብቻ ይመልሳል፤ ቀጥሎ ትራምፔቱና ሳክስፎኖቹ ይጨመራሉ። ልጆቹ ሳይታዘዙ “ታዲያ!” ብለው አብረው ይመልሳሉ። አንዲት የ14 ዓመት ልጅ በዚህ ጊዜ እጇን አፏ ላይ አድርጋ “እኛን ነው እንዴ የሚጫወቱት?” ስትል ሰምቻለሁ። ቅድሚያ የምንዘፍነው ለዚህ ነው፤ ሙዚቃው ሲመጣ የሚያውቁት ሰው እንደ መጣ ይቀበሉታል።

አንዱ ደቂቃ ሲያልቅ ይዝጉ። በመጀመሪያው ቀን ዘጠኙንም ደቂቃ አያሰሙ። እኔ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሙሉውን ከፍቼ “ዝም ብላችሁ ስሙ” እል ነበር፤ ከሦስተኛው ደቂቃ በኋላ የሚሰማ አልነበረም።

ደረጃ 3፦ ዙሩን በእግር መራመድ (ክፍለ ጊዜ 2፣ ሙሉውን)

ከሁሉም በላይ ጊዜ የምሰጠው ለዚህ ደረጃ ነው። ታዳጊዎች ጃዝ የሚሰለቻቸው ዜማው ስለማይጥማቸው አይደለም፤ የት እንዳሉ ስለማያውቁ ነው። ዙሩ የገባው ልጅ አይጠፋም፤ የማይጠፋ ሰው ደግሞ አይሰለችም።

1. ወለሉ ላይ አራት ማዕዘን በጠመኔ ይሥሩ፤ እያንዳንዱ ጎን ስምንት ሜትር ገደማ። ክፍሉ ከጠበበ ውጭ ሜዳ ላይ ይውጡ። ጎኖቹን በቅደም ተከተል ሀ፣ ሀ፣ ለ፣ ሀ ብለው ይሰይሙ።
2. ልጆቹን መነሻው ማዕዘን ላይ ያሰልፉ። በሁለት ምት አንድ እርምጃ ይራመዳሉ፤ እርምጃው ግማሽ ሜትር ያህል ነው። ስምንት ባር 32 ምት ስለሆነ አንዱ ጎን 16 እርምጃ ይሆናል።
3. እግር በአንደኛውና በሦስተኛው ምት ይረግጣል፤ ጣት በሁለተኛውና በአራተኛው ይንጣጣል። መጀመሪያ ያለ ሙዚቃ፣ እርስዎ እየቆጠሩ ይለማመዱ።
4. ከ34ኛው ሰከንድ ይክፈቱና ይራመዱ። “ለ” የተባለው ጎን ላይ ሲደርሱ ሁሉም አንድ እጁን ከፍ ያደርጋል፤ ዜማው ከፍ ያለው እዚያ ነውና። ወደ መጨረሻው ጎን ሲታጠፉ እጅ ይወርዳል።
5. አንድ ዙር አንድ ደቂቃ ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። ልጆቹ መነሻው ማዕዘን ላይ በደረሱበት ቅጽበት ጂሚ ኮብ ሲምባሉን ይመታዋል፤ ድምፁ ሲነዛ ማይልስ ዴቪስ ይገባል።

ያ የሲምባል ምት ከእግራቸው ጋር ሲገጥም ፊታቸውን ይዩ። ከዚያ የዴቪስን ሁለት ዙር ይራመዱ። ዜማው አሁን የለም፤ ግን ጎኖቹ አሉ፣ እጅም በሰዓቱ ይነሣል። በሁለተኛው ዙር መጨረሻ ላይ ያቁሙና ይጠይቁ፦ “አሁን ምን ይመጣል?” ብዙዎቹ “ሰው ይቀየራል” ይላሉ። ይክፈቱ፤ ኮልትሬን ይገባል።

የተለመደው ስህተት ጣትን በአንደኛውና በሦስተኛው ምት ላይ ማንጣጣት ነው። እግርና ጣት አንድ ላይ ከሆኑ ሙዚቃው ወታደራዊ ሰልፍ ይመስላል። ያ ከሆነ ሙዚቃውን ይዝጉና “ርገጥ፣ ጣት፣ ርገጥ፣ ጣት” እያሉ በዝግታ ይመልሷቸው።

መራመድ የማይችል ልጅ ካለ ጠረጴዛ ላይ በተሣለ አራት ማዕዘን ጣቱን ወይም ሳንቲም ያንቀሳቅስ። ቆጠራው ያው ነው፤ እንዲያውም መንገድ መሪ ያድርጉት።

ደረጃ 4፦ ስዊንግ በጋዜጣ (ክፍለ ጊዜ 3፣ 15 ደቂቃ)

ለየልጁ አንድ ጋዜጣ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው በመዳፍ እንዲጠርጉት ያድርጉ፦ “ቲን፣ ቲን-ታ፣ ቲን፣ ቲን-ታ”። ድራም መቺው ሲምባሉ ላይ የሚያደርገው ይህንን ነው። “ቲን” ረዘም፣ “ታ” አጠር ይበል፤ ስዊንግ የሚባለው ይህ የረጅምና የአጭር አካሄድ ነው፣ እኩል ከሆኑ ስዊንግ የለም። ልጆቹ ረጅምና አጭሩ ካልተለየላቸው ችክችካን ያስታውሷቸው። ችክችካም ረጅምና አጭር እያለ በሦስት የተከፈለ ምት ላይ ይሄዳል፤ ጠንከር ብሎ የሚመታው ቦታ ግን ሌላ ነውና አንድ ናቸው አይበሏቸው።

ደረጃ 5፦ የማዳመጫ ካርታ (ክፍለ ጊዜ 3፣ 35 ደቂቃ)

ወረቀቱን በቁመቱ ዘጠኝ ረድፍ፣ በአግድሙ አራት ዓምድ ይክፈሉት። ረድፉ ዙር ነው፤ ዓምዱ ሀ፣ ሀ፣ ለ፣ ሀ። ለትራምፔት አንድ ቀለም፣ ለቴነር ሳክስፎን ሌላ፣ ለአልቶ ሌላ፣ ለፒያኖ ሌላ። እየሰሙ በየሳጥኑ የሚሰሙትን መስመር፣ ነጥብ፣ ጥምዝ አድርገው ይሥላሉ። ዕቃ ወይም ሰው አይሣል፤ ድምፁ ብቻ።

እዚህ ላይ የሙሉው ቅጂ ጊዜ ደረሰ። ከዚህ ቀደም ተራምደውታልና አሁን ዘጠኝ ደቂቃ አይከብዳቸውም፤ እጃቸውም ሥራ ይዟል።

አንድ ካርታ አስቀምጫለሁ። በዴቪስ ረድፎች ላይ በየሳጥኑ ሦስት አራት ነጥብ ብቻ አለ፤ የቀረው ነጭ ነው። ኮልትሬን ጋ ስትደርስ ልጅቷ እርሳሱን ሳታነሣ ሞልታዋለች፤ “ለ” ላይ ወረቀቱ ተቀድዷል። አደርሊ ላይ መስመሩ እንደ ኳስ ይነጥራል። ስለ ሦስቱ ተጫዋቾች አንድም ቃል አልነገርኋትም ነበር።

ካርታዎቹን ግድግዳ ላይ ሰቅለው ያነጻጽሩ። “ነጭ ሳጥን የበዛው ማን ጋ ነው?” ብለው ይጠይቁ። ዝምታም የዜማው አካል መሆኑ የሚታየው በዓይን ነው፤ በቃል ቢነግሯቸው ይረሱታል።

ደረጃ 6፦ ራሳቸው ይፍጠሩ (ክፍለ ጊዜ 4፣ ሙሉውን)

የጃዝ ሶሎ በቦታው ይፈጠራል፤ ግን ከባዶ አይደለም፣ ልክ አለው። ይህን ለማስረዳት ከራሳችን የቀረበ ነገር አለ። የቅኔ ተማሪ ጉባኤ ቃናን ሲቆጥር ሁለቱን ቤትና ልኩን አያፈርስም፤ በልኩ ውስጥ ግን የትናንቱን መድገም ነውር ነው። አዝማሪም “ተቀበል!” ሲባል የተሰጠውን ግጥም በያዘው ዜማ ላይ ያስገባዋል። ቅኔንም አዝማሪንም ለማያውቁ፣ በውጭ አገር ላደጉ ልጆች በምት ላይ ወዲያው እየፈጠሩ ራፕ የሚያደርጉትን ያስታውሷቸው።

በቃል ይጀምሩ። ልጆቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው አንዱ በአራት ባር ያለ ቃል፣ “ዳ፣ ዱ፣ ባ” እያለ ይጠይቃል፤ ሌላው “ተቀበል!” ሲባል በአራት ባር ይመልሳል። ሌሎቹ ጋዜጣ ይጠርጋሉ።

ቀጥሎ በመሣሪያ፦

*በኪቦርድ፦* ሦስት ነጭ ቁልፎች ላይ ባለቀለም ወረቀት ይለጥፉ፦ ሬ፣ ፋ፣ ሶል። “ሀ” ላይ የሚፈቀዱት እነዚህ ብቻ ናቸው። “ለ” ሲደርስ ከእያንዳንዱ በስተቀኝ ወዳለው ጥቁር ቁልፍ ይሻገራሉ። ሦስቱም ነጭ በስተቀኙ ጥቁር አለው፤ ስለዚህ ኖታ የማያውቅ ልጅም አይስትም።

*በክራር፦* በባቲ ማይነር ከሬ ይቃኙት፦ ሬ፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ፣ ዶ። አምስቱም ከ“ሀ” ጋር ይስማማሉ። “ለ” ላይ ክራሩ ዝም ይበልና ጋዜጣ የሚጠርጉት ብቻቸውን ይጫወቱ። ክራር የያዘው ልጅ ዝም ብሎ እየቆጠረ በሰዓቱ መመለስ አለበት፤ ዙሩን ማወቁ የሚፈተነው በዚያ ነው።

ከቅጂው ጋር ለመጫወት ከፈለጉ መጀመሪያ ቅኝቱን ያመሳክሩ። በቆዩ ቅጂዎች ላይ ይህ ሙዚቃ ከትክክለኛው በጥቂቱ ከፍ ብሎ ይሰማል፤ ከመቅረጫ ማሽኖቹ የአንዱ ፍጥነት የተዛባ ነበርና። ክራሩን ወደ ቅጂው ያስጠጉ፤ ክሩ እንዳይበጠስ ግን ቀስ ብለው ያጥብቁ። ኪቦርድ ካልተስማማ ቅጂውን ይተዉትና አንድ ልጅ ዝቅተኛውን ሬ እየደገመ ይያዝላቸው።

ሦስት ድምፅ ብቻ የሚፈቀደው ምክንያት አለው። ሁሉም ቁልፍ የተሰጠው ልጅ ጣቱን ያሯሩጣል እንጂ አያስብም። ሦስት ብቻ ሲኖረው የቀረው ምርጫ መቼ መጫወትና መቼ ዝም ማለት ነው።

*ማስጠንቀቂያ፦* ብቻውን ለመጫወት ያልፈለገን ልጅ አያስገድዱ። መጀመሪያ ጥንድ ሆኖ ይሞክር፤ ወይም የቤዙን ሬ ይያዝ። ቤዝ መያዝ ቅጣት እንዳይመስል ከሁሉ በፊት ደፋሩን ልጅ እዚያ ያስቀምጡ።

ደረጃ 7፦ መለየትና መናገር (ክፍለ ጊዜ 5)

ከሙዚቃው መካከል ሃያ ሰከንድ ያሰሙ፤ ሁለት ጊዜ ይድገሙት። ማን ነው የሚጫወተው? “ሀ” ላይ ነን ወይስ “ለ” ላይ? በምን አወቅህ? ዋናው ሦስተኛው ጥያቄ ነው። “ዝም የሚል ስለሆነ ዴቪስ ነው” ያለ ልጅ ሰምቷል።

“ወደዳችሁት?” ብለው አይፈትኑ፣ ለመውደድም ማርክ አይስጡ። ማርክ ካለ ልጆች እርስዎን ለማስደሰት ይዋሻሉ። ሰምቶ፣ ምክንያቱን ተናግሮ “አልወደድሁትም” ያለ ልጅ ሥራውን ሠርቷል።

ከዚያ በኋላ ባለው ጊዜ ያንኑ የካርታ ወረቀት ለሌላ ሙዚቃ ይጠቀሙበት፤ ረድፍና ዓምዱ ይቀያየራል እንጂ ጥያቄዎቹ አይቀየሩም። ከሙላቱ አስታጥቄ “የከርሞ ሰው” ቢጀምሩ መልካም ነው፤ ዋናው ዜማ የት እንደሚያበቃና ሶሎው የት እንደሚጀምር ልጆቹ ራሳቸው ይፈልጉት። ለቆጠራ የዴቭ ብሩቤክ ቡድን በ1959 እ.ኤ.አ. የቀረጸው “ቴክ ፋይቭ” አለ፤ በአምስት ምት ስለሚሄድ ሦስትና ሁለት፣ ሦስትና ሁለት እያሉ ይራመዱበት። ሉዊ አርምስትሮንግ በ1928 እ.ኤ.አ. የቀረጸው “ዌስት ኤንድ ብሉዝ” መክፈቻው ላይ ትራምፔት ብቻውን ነው፤ ያችን ጥቂት ሰከንድ ብቻ ሦስት ጊዜ ያሰሙና ይሥሉት።

ሲበላሽ የማያቸው ነገሮች

- መምህሩ ሙዚቃው ላይ ያወራል። አንድ ነገር ማሳየት ካስፈለገዎ በእጅ ምልክት ይስጡ፣ ወይም ያቁሙና ይናገሩ።
- በየክፍለ ጊዜው አዲስ ሙዚቃ ይመጣል። ጆሮ የሚወደው የለመደውን ነው፤ አንዱን በአምስት መንገድ መመለስ አምስቱን አንዳንድ ጊዜ ከመስማት ይሻላል።
- ስለ ሙዚቀኞቹ ሱስና መከራ ረጅም ወሬ ይነሣል። ልጆች ከጠየቁ እውነቱን በአጭሩ ይመልሱና ወደ ድምፁ ይመለሱ።
- ድምፁ በጣም ይጮኻል። የቤዙ ድምፅ የሚሰማው ማጉያውን በማስጮህ አይደለም፤ ማጉያውን ወደ ግድግዳ ጥግ ያስጠጉት፣ ወፍራሙ ድምፅ ይጎላል። ክፍሉ ውስጥ እየተወራ መደማመጥ ካልተቻለ በዝቷል።
- ደረጃ 3 ጊዜ ስለጠበበ ይዘለላል። ጊዜ ካጠረዎ ደረጃ 4ን ይዝለሉ፤ መራመዱን ግን አይተዉ።

ማጠቃለያ ዝግጅት ለሚፈልጉ ዩኔስኮ የሰየመው ዓለም አቀፍ የጃዝ ቀን ሚያዝያ 22 ነው። ከዚያ ስድስት ሳምንት አስቀድመው ከጀመሩ አንድ ሳምንት ትርፍ ይኖርዎታል፤ እሱን ለደረጃ 6 ይጨምሩት። ልጆቹ ሁልጊዜ ጊዜ የሚያንሳቸው እዚያ ላይ ነው።